ቴሌቪዥን በሞኒተር ምትክ

በሹም አቦም ሆነ በሌሎች የባሕር ዳር ሠፈሮች፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ያለ ሞኒተር የገዛ ተማሪ መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጀርባው ወጣ ባለው አሮጌ ቴሌቪዥን ፊልም አምሮ እየታየ ጽሑፍ ለምን እንደሚደበዝዝ፣ ገመድ ሲሰካም መሣሪያ ለምን እንደሚቃጠል አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ለአገራችን የተሠራው አሮጌ ቴሌቪዥን ፓል የተባለውን ሥርዓት ይከተላል። ይህም 625 መስመር ያለውን ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 15,625 መስመር መሣል ነው። የኮምፒውተሩ ቪጂኤ መውጫ ግን በ640 በ480 ነጥብ እንኳ በሰከንድ 31,500 ያህል መስመር ይልካል። በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ሦስት ባለቀለም ጫፎች ያሉት ርካሽ ገመድ ከጥቂት ካርዶች በቀር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ገመድ ፍጥነት አይቀንስም። የሚያስፈልገው ምስሉን ተቀብሎ በቴሌቪዥኑ ፍጥነት መልሶ የሚለቅ ኮንቨርተር ነው።

ኮንቨርተር ቢገኝም ፊደላቱ በሚገባ አይጠሩም። ቴሌቪዥኑ አንድ አንድ መስመር እየዘለለ ይሥልና የተዘለሉትን በሁለተኛው ዙር ይሞላል። በመሆኑም በአንድ መስመር ላይ ብቻ ያረፈች ቀጭን ሰረዝ በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ ስለምትሣል ትርገበገባለች። በፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰረዝ ጥቂት ነው። የእኛ ፊደል ግን በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው አንዲት አጭር ሰረዝ የተቀጠለችበት ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በቢጫው ገመድ ውስጥ የቀለሙ መልእክት በ4.43 ሜጋ ሄርዝ ከብርሃኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚጓዝ፣ ቴሌቪዥኑ የፊደልን ጠርዝ እንደ ቀለም ይቆጥረዋል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ባለቀለም ካርድ በአንድ መስመር 80 ብቻ ሳይሆን 40 ፊደል የማሳየት ምርጫም ነበረው፤ 40ው ለቴሌቪዥን የተመቸ ነበር። ዛሬም መፍትሔው ፊደሉን ማግዘፍ ነው።

ኤችዲኤምአይ ባለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይህ ችግር የለም። የምስሉ ዳር ከተቆረጠ ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ምስሉን ሳይለጥጥ እንዲያሳይ ማዘዝ ይበቃል።

አደጋው ግን በሁለቱም ዓይነት አለ። በኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻን የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ከብረት አካሉ ጋር ተያይዘዋል። የቤቱ ሶኬት ወይም ዲቫይደሩ የመሬት መስመር ከሌለው፣ አካሉ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል፣ ወደ 110 ቮልት ይይዛል። ሲነኩት የሚነዝረው ይህ ነው። ኃይሉ አነስተኛ ቢሆንም ቴሌቪዥኑ በዲሽ ገመድ በኩል ከመሬት ጋር ከተገናኘ፣ ገመዱ በተሰካበት ቅጽበት ፍሰቱ ወደዚያ ያልፋል። በባለቀለሙ ገመድ ደግሞ ከዙሪያው ብረት ቀድሞ የሚነካው የመካከሉ ፒን ስለሆነ፣ ዱላው የሚያርፈው ምስል ተቀባዩ ክፍል ላይ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን በማብሪያ ማጥፊያቸው ማጥፋት አይበቃም፤ ሦስቱንም ከሶኬት መንቀል፣ የምስሉን ገመድ መሰካት፣ ከዚያ በኋላ ኃይል መስጠት ነው።