ሕፃን ተዋናይ ራሱን በማን ዓይን ያያል?

በወላጆች ቀን ጺም ለጥፎ፣ ከዘራ ይዞ የሚያስቀንን ልጅ የማያውቅ መምህር የለም። እኛ አጨብጭበን እንበተናለን፤ እሱ ግን ጭብጨባውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ታዲያ ይህ ልጅ ስለ ራሱ ምን ያስባል?

ዐዋቂ ተዋናይ መድረክ ላይ የሚወጣው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ይብዛም ይነስም መልሶ ነው። ሕፃኑ ግን መልሱን ገና ከወላጁ፣ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ፊት ላይ እያነበበ ነው። ስለዚህ የተጨበጨበው ለእሱ ይሁን ለገጸ ባሕርይው መለየት ይቸግረዋል።

ለዚህ የአሜሪካ ፊልም ታሪክ ሁለት ምሳሌዎች ይሰጠናል። ጃኪ ኩጋን እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም ሲታይ ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ በልጅነቱ ያገኘው ሀብት እንዳልተቀመጠለት ተረዳና በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። በዚህም ምክንያት የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚያስጠብቅ ሕግ አወጣ።

ይሁን እንጂ ሕግ ገንዘብን እንጂ ማንነትን አያስጠብቅም። በ1928 የተወለደችው ሸርሊ ቴምፕል ይበልጥ ሕፃን እንድትመስል ዕድሜዋ በ1 ዓመት ተቀንሶ ይነገር ነበር። 12 ዓመት የሞላት መስሏት ሳለ 13 መሆኗን ሰማች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጅቷ የገዛ ዕድሜዋን እንኳ የምታውቀው ተመልካች እንዲያያት በተፈለገው መልክ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሲባል ትወና ልጅን ያበላሻል ማለት አይደለም። ሸርሊ በኋላ በጋናና በቼኮዝሎቫኪያ የአገሯ አምባሳደር ሆናለች። ቁም ነገሩ ከመድረክ ሲወርድ ልጁን ማን ይቀበለዋል ነው።

ስለሆነም ትያትር የምናዘጋጅ መምህራን እነዚህን እንልመድ፦

1ኛ/ ትያትሩ እንዳለቀ ልጁን በገዛ ስሙ እንጥራው። ሌባ ሆኖ የተጫወተ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ «ሌባው» እየተባለ መጠራት የለበትም።

2ኛ/ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ብቻ ብለን አንለፈው፤ ቃሉን እንዴት እንዳጠና፣ ጓደኛው ሲረሳ እንዴት እንደደገፈው እንንገረው።

3ኛ/ ዋናውን ሚና ሁልጊዜ ለአንድ ልጅ አንስጥ።

ልብሱን ማስለበስ ቀላል ነው፤ አስወልቆ ልጁን ወደ ራሱ መመለስ ግን የመምህር ሥራ ነው።