አሸናፊ የሌለው ግልቢያ

ብስክሌት ሲባል ለብዙው የስፖርት አፍቃሪ ቀድሞ የሚታወሰው ቱር ደ ፍራንስ፣ ቢጫው ማሊያና የመጨረሻዋ መስመር ላይ ያለው ግፊያ ነው። በእንግሊዟ ደርቢሻየር፣ የዋይ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ግን ሰዓት የሚይዝ ዳኛም ዋንጫ የሚያነሳም የለም። አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን እያወሩ ይጋልባሉ፤ ሲደክማቸው ወርደው ሻይ ይጠጣሉ። በቃ!

መንገዱ ሞንሳል ትሬይል ይባላል። ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የማንቸስተርና የለንደን ባቡር ያልፍበት ነበር። መስመሩ እ.ኤ.አ በ1863 የተከፈተ ሲሆን፣ እውቁ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን ሸለቆውን አበላሸ ብሎ ክፉኛ ተቆጥቶበታል። በ1968 ባቡሩ ቆመ፣ ሀዲዱም ተነቀለ። በ1981 መንገዱ ለሕዝብ ቢከፈትም ዋሻዎቹ ለደህንነት ሲባል ዝግ ስለነበሩ ጉዞው መሀል ላይ ይቆረጥ ነበር። አራቱ ትልልቅ ዋሻዎች መብራት ገብቶላቸው የተከፈቱት በ2011 ነው።

ባቡር ዳገት አይወድም። መንገዱ በተራሮች መሀል እያለፈም ለጥ ያለው ለዚህ ነው። ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም ይገባበታል።

የ90 ደቂቃ ጭንቀት ለለመደ ደጋፊ ነገሩ ስፖርት ላይመስለው ይችላል። ግን እዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀር የለም፤ ሁሉም ቋሚ ተሰላፊ ነው። ያኔ ያ ሁሉ ቁጣ በወረደበት መስመር ላይ፣ ባለ አምስት ቅስቱ የሄድስቶን ድልድይ ጋ ሲደርስ፣ ሰው ብስክሌቱን አቁሞ ወንዙን ቁልቁል ያያል። የሚያስቸኩለው የለም።