መኪናችሁ እንዲያብረቀርቅ፦ ስለ ፖሊሽ አመራረጥና አቀባብ

የፔሳሕ በዓል ሲቃረብ በየቤታችን የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምንጣፉ ይራገፋል፣ ቁም ሣጥኑ ይፈተሻል፣ ሐሜጽ የተባለ ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል። መኪና ያለው ቤተሰብም ልጆች ከኋላ ወንበር ያፈሰሱትን የብስኩት ፍርፋሪ ሳይቀር ለቅሞ ያወጣል። ውስጡ ከጸዳ በኋላ ዓይን ወደ ውጪው ይዞራል። ሲገዛ ያበራ የነበረው ቀለም ደብዝዟል፤ ኮፈኑና ጣሪያው አመድ የነሰነሱበት መስሏል። «ፖሊሽ ይቀባ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ይኼኔ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ፖሊሽን እንደ ጫማ ቀለም ከላይ የሚጨመር ነገር አድርገን እናየዋለን። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ፖሊሽ ከቀለሙ ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይህችን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም ያድናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ፖሊሽ ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀባ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ቀለሙ ለምን ይደበዝዛል?

የዛሬ መኪኖች ቀለም በንብርብር የተቀባ ነው። በብረቱ ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ቅብ ይደረጋል፤ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ቅብ ይደረጋል። ይህን የመጨረሻውን ቅብ በእስራኤል ጋራዦች «ላካ» ይሉታል። መኪናው የሚያብረቀርቀው በላካው ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

የላካው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ጠጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሚሆን፣ መኪናችንን የሚጠብቀው ቅብ ከአንድ ጠጉር የሳሳ ነው ማለት ነው።

በዚህ ስስ ቅብ ላይ የሚደርስበት ብዙ ነው። የእስራኤል የበጋ ፀሐይ ለወራት ያለ ዝናብና ያለ ደመና ይወርድበታል። ሻራቭ ሲነሣ አቧራ ይለብሳል፤ ያንን አቧራ በደረቅ ጨርቅ የጠረገ ሰው ደግሞ ሳያውቀው በብርጭቆ ወረቀት እንደፈገፈገው ይቆጠራል። በአሽዶድ፣ በአሽቀሎንና በናታንያ ለባሕሩ ቅርብ የሆነ ሰው ጨው አለበት። በብዙ ከተሞች መንገድ ዳር የሚተከለው ፊኩስ፣ የአገር ቤቶቹ የሾላና የዋርካ ዘመድ፣ ጥላው ቢያስደስትም ፍሬው መኪና ላይ ወድቆ ይጣበቃል፤ ፍሬውን ሊበሉ የሚመጡት ወፎችና የሌሊት ወፎችም ኩሳቸውን ይጥሉበታል።

የወፍ ኩስ በተለይ ክፉ ነው። አሲድነት ስላለው በጋለ ላካ ላይ ሲደርቅ እየበላው ይገባና ጠባሳ ይተዋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ አበው፣ እንዳያችሁት በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ በቀስታ አንሡት። ለማታ ከተዋችሁት ውሃ ብቻ ላያወጣው ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው በላካው ላይ ዓይን በቀላሉ የማያያቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ጭረቶች ይፈጥራሉ። ብርሃን በለሰለሰ ነገር ላይ ሲያርፍ እንደ መስታወት ተመልሶ ይመጣል፤ በተጫጫረ ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ይበታተናል። ድብዘዛ የምንለው ይህን ነው።

ፖሊሽ ምን ይሠራል?

ፖሊሽ በውስጡ በጣም የደቀቀ መፋቂያ ብናኝ አለው። ስናሸው የጭረቶቹን ጠርዝ ይፍቅና ላካውን ያስተካክላል፤ ብርሃኑም እንደገና ቀጥ ብሎ ይመለሳል። የተፋቀው ላካ ግን አይመለስም። ስለዚህ ፖሊሽ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው፤ ካላስፈለገም መተው ይሻላል።

ዋክስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዋክስ አይፍቅም፤ ከላይ ተቀብቶ ይቀራል፣ ውሃ ያንከባልላል፣ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የታወቀው ዋክስ በብራዚል ከሚበቅል ካርናውባ ከተባለ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። በፋብሪካ ተቀምመው የሚሠሩም አሉ፤ ብዙውን ጊዜ እነሱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። በአጭሩ ፖሊሽ ያስተካክላል፣ ዋክስ ይጠብቃል። ፖሊሽ ቀብቶ ዋክስ ያልቀባ ሰው መኪናውን አጥቦ ያለ ልብስ ፀሐይ ላይ እንዳቆመ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን መርምሩ

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መኪናውን አጥባችሁና አድርቃችሁ በቀን ብርሃን እነዚህን ተመልከቱ።

1. በጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን በቀስታ አሳልፉ። ጥፍሩ ከያዘው ጭረቱ ለፖሊሽ ጥልቅ ነው። እሱን አጠፋለሁ ብሎ መፋቅ ላካውን መጨረስ ነው።

2. ጣሪያውን፣ ኮፈኑንና የኋላ መክደኛውን እዩ። ነጣ ብሎ እንደ ተላጠ ቆዳ የሚነሣ ቦታ ካለ ላካው ሞቷል። የሞተ ላካ በየትኛውም ፖሊሽ አይነሣም። ያለው መፍትሔ ቦታውን ማስቀባት ብቻ ነው። እንዲህ ላለው መኪና በመቶዎች የሚቆጠር ሼቄል ተቀብሎ «በፖሊሽ አዲስ አደርገዋለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

3. እጃችሁን በስስ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ የታጠበውን ቀለም ዳብሱ። የሚሻክር ከሆነ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ። ለዚህ በመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኝ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ የማጽጃ ጭቃ አለ፤ ቀለሙን በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ በቀስታ ስታንሸራትቱት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ይህ ሳይወጣ ፖሊሽ ማሸት ቆሻሻውን በቀለሙ ላይ ማሸት ነው።

የትኛውን እንምረጥ?

በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ሁሉም የሚያብረቀርቅ መኪና ሥዕል አለባቸው። ልዩነቱ በጽሑፉ ላይ ነው። ዕብራይስጡን ማንበብ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ሻጩንም ሳታፍሩ «ይህ ይፍቃል ወይስ ይጠብቃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

«መሲር ስሪጦት» ማለትም ጭረት አጥፊ የሚል ወይም ኮምፓውንድ የሚባል ከሆነ ሻካራ መፋቂያ ነው። ለጠና ድብዘዛ እንጂ ለመላው መኪና አይሆንም። «ፖሊሽ» የሚለው ለስለስ ያለው ነው፤ ለአብዛኛው የቤተሰብ መኪና ይበቃል። «ዋክስ» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ፖሊሽና ዋክስ በአንድ ላይ የተቀላቀለበትም አለ፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፣ ግን የእያንዳንዱን ለየብቻ ያህል አይሠራም።

ደንባችን አንድ ይሁን፦ ሁልጊዜ በጣም ከለሰለሰው ጀምሩ። የማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ሂዱ። ጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚባለውም መሠረቱ ይኸው ነው፤ እሱም ይፍቃል። ለመኪና ግን አልተመጠነምና ለጥርሳችን እንተወው።

አቀባቡ

ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል። በእጅ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሰንበት ሲገባ ግማሹን ትቶ ከመሮጥ ዓርብ በማለዳ ወይም በሌላ ቀን ማምሻውን መሥራት ይሻላል። ቦታው ጥላ፣ ኮፈኑም በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ይሁን። በጋለ ብረት ላይ ፖሊሽ ወዲያው ይደርቃል፣ ለማንሣትም ያስቸግራል።

መኪናውን በሁለት ባልዲ እጠቡ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የጨርቅ ማለቅለቂያ። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፣ ጎማውን መጨረሻ አድርጉ። ጥቁር ፕላስቲኮችንና የመስኮት ጎማዎችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ፖሊሽ ከነካቸው ነጭ ሆኖ ይቀራልና።

በለስላሳ ስፖንጅ ላይ ትንሽ ትንሽ ጠብ አድርጉ። በአንድ ጊዜ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ቦታ አትለፉ። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች እያቋረጣችሁ፣ ሳትጫኑ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እሹት። ከዚያ በንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ አንሡና ተመልከቱ። ካማረ ወደሚቀጥለው ቦታ እለፉ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ተመልሶ ቀለም አይንካ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሥራችሁን ሁሉ ታበላሻለች።

ጨርቁ ላይ የመኪናው መልክ ከወጣ ቆም በሉ። መኪናው አሮጌና ላካ የሌለው ቀለም ከሆነ ይህ የተለመደ ነው። ላካ ያለው ከሆነ ግን ላካው አልቆ ቀለሙ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ስለ ማሽን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዱ የአባቱን መኪና በዓል ሳይደርስ ላስደስታቸው ብሎ በመሰርሰሪያ ላይ በሚገጠም ስፖንጅ አሻው። መሐሉ አማረ፤ የበሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ላካው በጥቂት ሰከንድ ተቃጥሎ ተነሣ። አባት አይተው «ልጄ፣ ላሳምረው ብለህ ቆዳውን ገፈፍከው» አሉት። ጠርዝ ላይ ቅቡ ሳስቶ ይገኛል፤ የሚሽከረከር ማሽንም ሙቀት ይፈጥራል። ልምድ የሌለው ሰው በእጁ ይሥራ። እጅ ይደክማል እንጂ አያቃጥልም።

በመጨረሻ ዋክሱን በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ። የፊት መስታወቱን አታስነኩት፣ በዝናብ ጊዜ እይታን ያውካል። በቅርቡ ጋራዥ የተቀባ ቦታ ካለ ቢያንስ አንድ ወር ዋክስ አታድርጉበት፤ ቀለሙ ገና እየተነፈሰ ነው። ዋክሱን በየ2 ወይም በየ3 ወሩ ማደስ ይበቃል። ውሃ ስትረጩበት ተንከባልሎ የማይወርድ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ጠርሙሶቹን ደግሞ ከሕፃናት እጅ አርቁ።

ሁለተኛ እጅ ስትገዙ

ብዙዎቻችን የምንገዛው «ያድ ሽኒያ» መኪና ነው። ስለዚህ ይህን ጨምረን እንንገራችሁ። ጭረትን ሳያስተካክሉ በዘይት ሞልተው የሚሸፍኑ ቅባቶች አሉ። መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ጭረቱ ሁሉ ይመለሳል። መኪና በማታ፣ በጥላ ወይም እርጥብ እያለ አይታችሁ አትግዙ። ፀሐይ ላይ አስወጡት፤ ጎንበስ ብላችሁ በጎን ተመልከቱት። አንዱ በር ከሌላው ጋር መልኩ ትንሽ ከተለየ ተቀብቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊትም መኪናውን ወደ መመርመሪያ ቦታ ወስዳችሁ አስፈትሹት፤ በዚያ የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ከሥሩ ስቱኮ ቢኖር ይታወቃል። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ በኋላ ከሚመጣው ጸጸት ያነሰ ነው።

መኪና ለብዙ ቤተሰቦቻችን የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በማታ ፈረቃ የሚሠራ አባት ወደ ሥራው የሚሄድበት፣ እናት ልጆቿን ሐኪም ዘንድ የምታደርስበት፣ በሲግድ ዕለትም ሽማግሌዎቻችንን ይዘን ወደ ኢየሩሳሌም የምንወጣበት ነው። በድካም የተገኘ ንብረት ነውና አያያዙም በጥንቃቄ ይሁን። በጥቂቱ ፍቁ፣ ደጋግማችሁ ጠብቁ።

መልካም ጉዞ!