ከምንጭ ኮድ ወደ ፕሮግራም

ኮምፒዩተር በሰው የተጻፈውን የምንጭ ኮድ በቀጥታ አይረዳም፤ ወደ ማሽን ቋንቋ ሊተረጎምለት ይገባል። ይህን የሚያከናውነው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚደርሱን ተተርጉመው ካለቁ በኋላ ነው፤ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አዘጋጆች ግን ኮዱንም ይሰጡናል። ጂምፕ የተባለው የምስል ማቀናበሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1995 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ናቸው።

ጂምፕ 3ን ከምንጩ ለመገንባት በመጀመሪያ ሜሰን የተባለው መሣሪያ ኮምፒዩተሩን ይፈትሻል። መስኮቶቹንና አዝራሮቹን የሚያዘጋጀው ጂቲኬ፣ የምስሉን ስሌት የሚሠራው ጌግል መኖራቸውን ያረጋግጣል። አንዱ ከጎደለ ስሙን ጠቅሶ ይቆማል፤ ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የጎደለውን ጭኖ ፍተሻውን መድገም ይገባል። ቀጥሎ ኮምፓይለሩ በሲ ቋንቋ የተጻፉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይተረጉማል። በመጨረሻም ሊንከር የተባለው ፕሮግራም ትርጉሞቹን ያገናኛቸዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ኮዱን ብናነብም፣ ተተርጉሞ የተሰጠን ፕሮግራም ከዚያው ኮድ መውጣቱን ንባብ ብቻውን አያረጋግጥልንም። ራሳችን ስንገነባው ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግራቸው፣ የተበከለ ኮምፓይለር ከንጹሕ ኮድ ተንኮለኛ ፕሮግራም ሊያወጣ እንደሚችል አሳይተዋል።

ሌላው ጥቅም የማሻሻል ነጻነት ነው። አንባቢ ሆይ፣ በአንድ የሲ ፋይል ውስጥ ጥቂት ለውጥ አድርገህ ግንባታውን ድገመው፤ ዳግመኛ የሚተረጎመው ያ ፋይል ብቻ ስለሆነ ውጤቱን ለማየት ብዙ አትጠብቅም።