ለስንፈተ ወሲብ የሚታዘዘው መድኃኒት ለሳንባ የደም ግፊትም ያገለግላል

ቪያግራ በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀው ሲልዴናፊል ለስንፈተ ወሲብ ብቻ ሳይሆን ለሳንባ የደም ቧንቧዎች ግፊትም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው አገልግሎቱ እምብዛም ባይነገርለትም የጣና ሐይቅ ዳርቻ ነዋሪዎችን በቅርብ የሚመለከት ነው።

በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዚያ ለረጅም ዘመን የቆየ በሽታ ነው። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥገኛ ተሕዋስ በሐይቁ በሚዋኝ፣ ዓሣ በሚያጠምድ ወይም ልብስ በሚያጥብ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ሕመሙ በወቅቱ በፕራዚኳንቴል ካልታከመ የትሉ እንቁላሎች ጉበትን ይጎዳሉ፤ በጥቂት ሕሙማንም ላይ ወደ ሳንባ ተሻግረው የደም ቧንቧዎችን ለማጥበብ ምክንያት ይሆናሉ። ያን ጊዜ የልብ ቀኝ ክፍል ደሙን ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠትና ራስን መሳትም ይከተላሉ።

የደም ቧንቧዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ሲያመነጩ በግድግዳቸው ጡንቻ ውስጥ ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የሚባል መልእክተኛ ይፈጠራል። በዚህም ጡንቻው ይላላል፣ ቧንቧው ይሰፋል። ፎስፎዳይኤስትሬዝ 5 የተሰኘው ኢንዛይም ደግሞ መልእክተኛውን ያፈርሰዋል። ሲልዴናፊል የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በወንድ ብልትና በሳንባ የደም ቧንቧዎች በብዛት ስለሚገኝ አንድ መድኃኒት ለሁለቱም ሕመሞች ሊውል ችሏል። ስሜት ካልተቀሰቀሰ በብልት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይዱ በበቂ ስለማይመነጭ፣ መድኃኒቱ ፍላጎትን ይጨምራል የሚለው አባባል ስህተት ነው።

መድኃኒቱን የፋይዘር ኩባንያ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ የሞከሩት ለልብ ሕመም ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1998 ለስንፈተ ወሲብ፣ በ2005 ደግሞ ለሳንባ የደም ቧንቧ ግፊት ፈቅዶታል። አወሳሰዱም የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው እንደ አስፈላጊነቱ ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊ ግራም፣ ለሁለተኛው 20 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይታዘዛል።

ትልቁ አደጋ መድኃኒቱ እንደ ናይትሮግሊሰሪን ካሉ የናይትሬት የልብ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የሚደርሰው ነው። ሁለቱ በአንድነት የደም ግፊትን በድንገት አውርደው ለሞት ሊዳርጉ ይችላሉ። በኀፍረት ምክንያት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ የሚውጥ ሰው የሚጋለጠው ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ስንፈተ ወሲብ አንዳንድ ጊዜ የስኳር ወይም የልብ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት በመሆኑ ምርመራውን የዘለለ ሰው ዋናውን ሕመም ሳያውቅ ይቀራል። ሲልዴናፊል ትሉን ስለማይገድልም የቢልሃርዚያ ሕሙማን ፕራዚኳንቴልን ሊተኩበት አይችሉም።