የቡልቡላው ቅርፊት ለምን አያንጸባርቅም?

ከአዳማ ወደ ደቡብ ተጉዘው፣ ባቱን (ዝዋይን) አልፈው፣ ቡልቡላ ወንዝ የሸረሸረውን ገደል ቀረብ ብለው ቢያዩት በነጣው ደለል ውስጥ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሰክተው ያገኛሉ። ረዘም፣ ጠምዘዝ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ ነው። ተመራማሪዎች ሜላኖይደስ የሚሉት የውኃ ቀንድ አውጣ ቅሪቶች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱን ከሉል ኦይስተር ቅርፊት ጎን ያስቀምጡት። የቀንድ አውጣው እንደ ኖራ የደበዘዘ ነው፤ የኦይስተሩ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ ዘወር ሲያደርጉት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ ይሆናል። ሁለቱም ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉ ግን አረፋ ያወጣሉ። ለምን ቢሉ፣ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው።

ልዩነቱ ያለው በካልሲየም ካርቦኔቱ ቅንጣቶች አደራደር ላይ ነው። የሉል ኦይስተር የባሕር እንስሳ ነው፤ በቅርባችን የሚኖረው በቀይ ባሕር ሲሆን፣ የዳህላክ ጠላቂዎች ለዘመናት ሉል ያወጡበት ነበር። ሁለት ክዳን አለው፤ ከድንጋይ ጋር በክር መሰል ጅማት ይጣበቃል። የቅርፊቱ ውጪ ሻካራ ነው። ውስጡ ግን ከፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ የሳሱ ዝርግ ቅንጣቶች እንደ ጡብ ተደራርበው፣ በመካከላቸው ስስ ፕሮቲን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛቸዋል። ብርሃን ከየድርብርቡ ተመልሶ ሲገናኝ ቀለም ይፈጥራል። በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ናፍጣ ጠብ ሲል የሚታየው ኅብረ ቀለምም የሚመጣው እንዲሁ ነው።

ሉሉም ከዚሁ ነገር ይሠራል። ብዙዎች እንደሚያስቡት አሸዋ ስለገባ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥገኛ ተባይ ሲገባ ወይም ስስ ሥጋው ሲጎዳ እንስሳው ያንን ቦታ ድርብ በድርብ ይሸፍነዋል።

በሜላኖይደስ ቅርፊት ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ እንደ ኮምፔንሳቶ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣምረው ይሄዳሉ። ጠንካራ ነው፤ ብርሃኑን ግን ስለሚበታትነው አያንጸባርቅም።

አያንጸባርቅም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣው ቅርፊቱን ሲሠራ ከሚኖርበት ሐይቅ ካርቦን ይወስዳል፤ ተመራማሪዎች ያንን ካርቦን ለክተው ዕድሜውን አወቁ። እንዲህ ባሉ ቅርፊቶችና በደለሉ አቀማመጥ፣ ከ9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ሐይቅ እንደነበሩ ታወቀ። የውኃው ገጽ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነበር፤ ሲሞላም ወደ ሰሜን ይፈስ ነበር። በአዳማ አቅራቢያ የሚያልፈው አዋሽ ያኔ የሻላንም ውኃ ይዞ ይወርድ ነበር።