ጳጉሜን ላይ የሚወድቀው ኮድ፦ ኤጀንት የስህተቱን ዝርዝር የሚያመጣው እንዴት ነው?

አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናትን ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ መተግበሪያ አለው እንበል። ነርሷ አዲስ የተወለደ ሕፃን ልትመዘግብ ቀኑን ታስገባለች፦ ጳጉሜን 3 ቀን 2017። ስክሪኑ «ችግር ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» ይላታል። ቆይታ ብትሞክርም ያው ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለፕሮግራመሩ ብትደርሰውም ምንም አትጠቅመውም። ደግነቱ ሰርቨሩ ለነርሷ ያልነገራትን ብዙ ነገር ጽፎ አስቀምጧል።

ኮዱ በፓይተን የተጻፈ ከሆነ መዝገቡ ላይ በመጨረሻ የሚታየው የስህተቱ ዓይነትና መልእክቱ ነው፦ ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት። ከእሱ በላይ ስታክ ትሬስ የሚባለው ይገኛል። የትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር፣ የትኛውን ፋንክሽን እንደጠራ፣ ያም ቀጥሎ ማንን እንደጠራ፣ ኮዱ እስከወደቀበት መስመር ድረስ በቅደም ተከተል ያሳያል። እንደ ሴንትሪ ያሉ የስህተት መከታተያዎች ደግሞ ሌላም ይጨምራሉ፦ ስህተቱ የደረሰበትን ሰዓት፣ የመተግበሪያውን ሥሪት፣ ተጠቃሚው ከዚያ በፊት የነካቸውን ነገሮች፣ በዚያች ቅጽበት በየፋንክሽኑ ውስጥ የነበሩትን ዋጋዎች። ሴንትሪ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2008 ሲጀመር፣ ጃንጎ ለተባለው የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ የተዘጋጀ ትንሽ ክፍት ኮድ ፕሮግራም ነበር። አንድ ዓይነት ስታክ ትሬስ ያላቸውን ስህተቶች በአንድ ቡድን ስለሚሰበስባቸው፣ መቶ ጊዜ የተደጋገመ ውድቀት እንደ አንድ ጉዳይ ይታያል።

አሁን ፕሮግራመሩ በቋንቋ ሞዴል የሚሠራ ረዳቱን፣ ማለትም ኤጀንቱን፣ «ይህ ስህተት ለምን መጣ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙ ሰው የቋንቋ ሞዴሉ ራሱ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ የሚፈትሽ ይመስለዋል። አይገባም። ሞዴሉ መዝገብ ቤት ሄዶ የመጠየቂያ ወረቀት እንደሚሞላ ባለጉዳይ ነው፤ የመሣሪያውን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ይጽፋል፣ ፋይሉን የሚያወጣለት ሌላ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ፈቃዱን አሳይቶ ከመከታተያው ዝርዝሩን ይቀበልና በጽሑፍ መልኩ ለሞዴሉ ያቀርብለታል። ሞዴሉም ያንን አንብቦ ወይ መልስ ይሰጣል፣ ወይ የኮዱን ፋይል ለማየት ሌላ ጥያቄ ይሞላል። ይህ ልውውጥ አንድ ወጥ ሥርዓት እንዲኖረው አንትሮፒክ በኅዳር 2017 (ኖቬምበር 2024) ኤምሲፒ የተባለውን ፕሮቶኮል ይፋ አደረገ፤ ሴንትሪም በዚሁ የሚሠራ አገልግሎት አዘጋጅቷል።

ዝርዝሩ የሚያመጣውን ልዩነት ወደ ነርሷ ጉዳይ ተመልሰን እንየው። ኤጀንቱ መልእክቱን ብቻ ካገኘ የሚቀናው መፍትሔ ከ12 የሚበልጥ ወር እንዳይገባ መከልከል ነው። ስህተቱ ከመዝገቡ ይጠፋል፤ የጳጉሜን ልጅ ግን መቼም አይመዘገብም። ሙሉው ዝርዝር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ኮዱ በወደቀበት ጊዜ የያዘው ዋጋ ዓመት 2017፣ ወር 13፣ ቀን 3 ነው፤ ስህተቱ የደረሰበት ሰዓት ግን ሴፕቴምበር 2025 ይላል። በዚያው ቡድን ውስጥ ደግሞ ወር 2፣ ቀን 30 ይዞ የወደቀ ሌላ ምዝገባ አለ፦ ጥቅምት 30። ኮዱ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ወሩ አልበዛም፤ የኢትዮጵያ ቀን ሳይቀየር ወደ ጎርጎርዮሳዊ ካላንደር ገብቷል። ኤጀንት የሚመሰገነው ስለፈጠነ ሳይሆን እነዚህን ሁለት ማስረጃዎች ጎን ለጎን ማየት ስለቻለ ነው።

ይህ አሠራር ጥንቃቄም ይፈልጋል። በስህተት ዝርዝር ውስጥ የሕፃኑ ስምና የእናቱ ስልክ ቁጥር አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ እነዚህ ወደ መከታተያው ከመሄዳቸው በፊት መሰረዝ አለባቸው። ለኤጀንቱ የሚሰጠው ፈቃድም ለማንበብ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ሌላው አደጋ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ተጠቃሚ በቅጹ ላይ የጻፈው ማንኛውም ነገር በስህተቱ ውስጥ ሊታይ ይችላል። ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ ላይ ለኤጀንቱ ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ሞዴሉ ማስረጃውን እንደ መመሪያ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ኤጀንቱ ያቀረበውን የኮድ ለውጥ ሰው ሳያነብ ማስገባት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መዝገቡ ያልያዘው ነገር ነው። መከታተያው የሚያውቀው ኮዱ የወደቀባቸውን ጊዜያት ብቻ ነው። በ2017 ከነበሩት 365 ቀናት ውስጥ ይህ ኮድ የሚወድቀው በ7ቱ ብቻ ነው፤ በጥቅምት 29 እና 30፣ በጳጉሜንም 5 ቀናት። በቀሩት 358 ቀናት ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባል። መስከረም 5 ቀን 2017 የተወለደች ሕፃን ትክክለኛ ቀኗ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው፤ ኮዱ ግን ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ይይዝላታል። ገና የተወለደችው ልጅ በመዝገቡ ላይ ሰባት ዓመት አልፏታል፣ የክትባት ማስታወሻም አይላክላትም። ለዚህ አንድም የስህተት መልእክት የለም።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ኤጀንቱ መፍትሔ ሲያቀርብላችሁ «በዚሁ መንገድ አልፈው ያልወደቁት መረጃዎች የትኞቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ኮዱን ብቻ አስተካክላችሁ አትነሡ፤ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡትን ቀኖችም አርሙ።